የተቀደደው ገጽ

ሳቢያን ሰፈር አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ የነበረን የንባብ መጽሐፍ ከአብዮቱ በፊት የታተመው ብቻ ነበር። ለአራት ልጅ አንድ ይደርሳል። ንጉሥ ያለበት ገጽ ሁሉ ይቀደድ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ በዚያ ሙቀት ተቀምጬ ስቀድ ዋልኩ።

ከታሪኮቹ አንዱ፣ የወደቀ ቦርሳ አግኝቶ ለባለቤቱ ስለመለሰ ልጅ ነው። ንጉሡ የሚሸልሙበት ገጽ ስለተቀደደ፣ ልጁ ምንም ሳያገኝ ቤቱ ይገባል። እንዲያውም ይሻላል። ታማኝነት ሲያሸልም እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ሲያነቡ ልስማ አለ። በጣም የምተማመንባትን፣ ቤቷ ሶማሊኛ የሚነገር አንዲት ልጅ አስነሳሁ። ተነስታ ታንበለብለው ጀመር። ቦርሳው ተመለሰ፣ ታሪኩ አለቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም።

«ንጉሡም ልጁን አስጠርተው...»

የተከለከለ ነገር የሚያስተምር መምህር ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ከእጇ ወሰደ።

«የቱ ጋ ነው ይሄ?»

«እዚህ ነበር። ተቀዷል።»

«ማነው ያስተማረሽ?» አለ፣ እኔን እያየ።

«ወንድሜ ነው። ወላሂ፣ እትዬ አይደሉም! እሱም በዚሁ መጽሐፍ ነው የተማረው። አሁን ዘምቷል።»

ሰውየው መጽሐፉን መለሰላትና፣ «ጓድ መምህርት፣ ልጅቷ ማንበብ አትችልም። ሸምድዳ ነው» ብሎኝ ወጣ። ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ።

እውነቱን ነበር። ከመሃል አንዱን ቃል በጣቴ ነክቼ ብጠይቃት አላወቀችውም። ለካ ዓመቱን ሙሉ ሳደንቅላት የከረምኩት የወንድሟን ንባብ ኖሯል። በጣም ደከመኝ። ስንት ወር የለፋሁበት እንዳልነበረ ሆነ።

«በይ እንግዲህ፣ ከሀ እንጀምራለን» አልኳት።

«ከዚያ በኋላ የማነበው እዚህ ያለውን ብቻ ነው?»

«አዎ።»

«የወንድሜስ?»

በመስኮት ሳይ ተቆጣጣሪው ገና ግቢው ውስጥ ከዳይሬክተሩ ጋር ቆሟል። ሄጄ በሩን ዘጋሁ። ጠመኔ አነሳሁና፣ «እስቲ ቀስ ብለሽ በይልኝ» አልኳት።

«ንጉሡም» አለች።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት።