ሰንጢ ይዤ አገሬ የገባሁ ሰሞን

ጅዳ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ለእናቴ የእጅ ሰዓት፣ ለእህቶቼ ሽቶና ሻርፕ አመጣሁ። ለራሴ ደግሞ ሻንጣዬ ውስጥ በልብስ መሀል ጠቅልዬ አንድ ሰንጢ ይዤ ገባሁ። እጀታው ጥቁር ነው። ስለቱ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ስለ እሱ ለማንም አልተናገርኩም።

የገዛሁት በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የምተኛበት ክፍል በር ቁልፍ አልነበረውም። ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጮክ ብዬ ሳልኩ፤ እጀታው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማን እንደነበረ ሳላውቅ ቤቱን ለቀቅኩ።

ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ያገኘን የወሎ ልጆች አንዲት የመርሳ ልጅ የተከራየችው ክፍል ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ይወድቃል፦ ሴት ልጅ በሰው አገር ራሷን በምን ትጠብቃለች? አንዷ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ትይዛለች። ሌላዋ ቦርሳዋ ውስጥ መቀስ አላት። አንዲት የከሚሴ ልጅ ብቻ ትስቅብን ነበር። «ስለት ኪሱ ያለ ሰው፣ የቀረበው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል» ትለናለች። «እኔ ከሰው ጋ ነው የምሄድ። የምይዘውም የጎረቤት ስልክ ቁጥር ነው።»

«አንቺማ ደህና ቤት ገብተሽ ነው» እንላታለን።

ሰባት ዓመት ሙሉ በሰንጢው ብርቱካን ከመላጥ በቀር ምንም አልሠራሁበትም። እጄ ግን ለመደው። ታክሲ ስገባ፣ አሳንሰር ስገባ፣ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ፣ ሳላስበው እጄ ኪሴ ውስጥ ይገኛል።

ቤታችን ከመርሳ አለፍ ብላ ካለችው ከግራና ከተማ አጠገብ ነው። በገባሁ በሳምንቱ እናቴ ልብሴን ስታጣጥፍ አገኘችው።

«ይኼ ምን ይሠራል?»

«ለመንገድ ነው።»

«አገርሽ ገብተሽ የለ? እዚህ ደግሞ ማንን ፈርተሽ?»

«እማ፣ አንቺ የዛሬን መንገድ አታውቂውም» አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ መርሳና ወልድያ ስትመላለስ ለኖረች ሴት! ጦርነቱ ሲመጣም ሲሄድም እዚያው ቤቷ የነበረችው እሷ ናት። እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ሰንጢውን ከነበረበት መልሳ አስቀመጠችው።

ከወር በኋላ ጥርሴን ለማስነቀል ወልድያ ሄድኩ። ሕመሙ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ከተነቀለልኝ በኋላ ማስታገሻ ውጬ፣ ከመናኸሪያ ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ የሚሆን ሴት ተቀመጡ፤ ፌስታላቸው ውስጥ ሚዶ ይታያል፣ እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መሐረብ ጉንጬ ላይ ይዤ ሲያዩኝ ገባቸው።

«ጥርስሽን ነው ልጄ? አብሽሪ፣ ያልፋል።»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው።

«እኔ ሙሽራ ስሠራ ውዬ መምጣቴ ነው። ሹሩባዋ አላልቅ ብሎኝ እጄ ዛለ» አሉና ጣቶቻቸውን አፍታቱ። «ተኚ። መርሳ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ።»

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቀኝ እጄን ሰንጢው ባለበት የአባያዬ ኪስ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ።

ሲሪንቃ ስንደርስ ፍየሎች መንገድ ገቡና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ጉልበቴ ላይ የሰው እጅ እንደተሰማኝ ነው። ዓይኔ ሳይገለጥ አውራ ጣቴ ሰንጢውን ከፍቶታል። «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ።

«ያ አላህ! እጄን!»

ዓይኔን ስገልጥ ሴትየዋ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው አየሁ። በጣቶቻቸው መሀል ደም ይወርዳል። ከሌባ ጣታቸው ሥር እስከ መዳፋቸው ተሰንጥቋል። ሾፌሩ መኪናውን ቲማቲም ሻጮች አጠገብ አቆመ። ከኋላችን የነበረ፣ መርሳ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ተነስቶ ትከሻቸውን ያዘ።

«አንቺ! ሽበትሽን እንኳ አታፍሪም?»

በአንድ አፍታ መኪናው ሙሉ አንቱታውን ረሳው። ሁሉም «አንቺ» አላቸው።

«ቦርሳዋ ሲወድቅ እኮ ነው» አሉ። «ልይዝላት ብዬ እኮ ነው።»

«ሁሉም ሲያዝ እንዲህ ነው የሚል» አለ አንዱ።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ የወሰደችብሽ ነገር አለ?»

ወደ ታች አየሁ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ወድቋል፤ ዚፑ እንደተዘጋ ነው። ነገሩ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ቦርሳው ተንሸራተተ፣ ሴትየዋ ሊይዙልኝ ጎንበስ አሉ። ይኸው ነው። «ተኝቼ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ትንፋሽም አይፈጅም ነበር። ግን እንዲህ ብል ዓይን ሁሉ ወደ እጄ፣ ከእጄም ወደ ሰንጢው ሊዞር ነው። ምን ልትሠሪበት ያዝሽው ሊሉኝ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ልገባ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ሰው ግን እሱን እንደ አዎ ቆጠረው።

ሾፌሩ «አምጪው ይኼን» ብሎ ሰንጢውን ከእጄ ወሰደና መሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ጣለው። አንዲት ተሳፋሪ ሻሿን ፈትታ የሴትየዋን እጅ አሰረችላቸው። የእኔ ሻሽ አንገቴ ላይ ነበር።

«ፖሊስ ጋ ልውሰዳችሁ?» አለ ሾፌሩ።

«ፖሊስ ምን ያደርግልኛል? እኔ ሐኪም ነው የምፈልግ» አሉ።

«ፖሊስ መጥላቷ ራሱ ምስክር ነው» አለ ነጋዴው፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ሄድን። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። መሀል መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «እንቅልፍ ላይ እንደነበርሽ ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መርሳ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረዱ። ማንም አልተከተላቸውም። እኔም ወደ ግራና የሚሄድ ባጃጅ ፈልጌ ቤቴ ገባሁ። ለእናቴ ጥርሴ እንደተነቀለ ብቻ ነገርኳት። ጉንጬ ሲያብጥ ሾርባ እየሠራች ታጠጣኝ ነበር፤ እየጠጣሁ የማስበው ያንን እጅ ማን እንደሚያጥበው ነው። ሄጄ ልጠይቅ እላለሁ፤ ሲነጋ ነገ እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደረሰና ሴቶቹ እኛ ቤት ተሰብስበው ሹሩባ ማን ይሥራት ይባባሉ ጀመር።

«የመርሳዋ ሴትዮ ነበረች እጀ ወርቅ» አለች አክስቴ። «ግን ጉዷ ወጣ አሉ። ሚኒባስ ውስጥ ስትሰርቅ ተይዛ እጇን ተቆረጠች። ሙሽራ ቤት ወርቅ ተቀምጦ ሌባ ይጠራል?»

«እኔማ ስንት ጊዜ ቤቴ አስገብቻታለሁ!» አለች ሌላዋ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምኔን እንዳየች እንጃ። ሴቶቹ ሲሄዱ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«ያ ስለት የት ሄደ?»

ሁሉንም ነገርኳት። «አላውቅም» ያልኩትንም፣ ፊቴን ያዞርኩትንም። «ልጅ አሳደግሁ ብዬ» አለችና አቋረጠች። ከዚያ «ነገ ትሄጃለሽ። ብቻሽን» አለችኝ።

የሴትየዋን ቤት መርሳ ገበያው አካባቢ ጠይቄ አገኘሁ። ስኳርና ዘይት ይዤ ነበር። በሩን ልጃቸው ከፈተችልኝ፤ እኔን የምታህል ሴት ናት። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፋሻው ተፈቷል፤ ሌባ ጣታቸው ቀጥ እንዳለ ቀርቷል።

«እናቴ፣ ምናልባት አላወቁኝም…»

«የቆረጠኝን ሰው እንዴት አላውቅም?»

መሬት ላይ ተንበረከክሁ። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። አይቼ ነበር። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ተነሽ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«ለሐኪሙ ማጭድ ነው የቆረጠኝ ያልኩት» አሉ። «የሰው ልጅ ብትታሠር እጄ አይመለስ። ስለ እጄ ያኔውኑ አፉ ብዬሻለሁ፤ ሲሰፉኝ። በእንቅልፍሽ ነው፣ ደንግጠሽ ነው። ስሜን ግን ነቅተሽ ነው ያጠፋሽው፤ ያውም ሰው መሀል። እዚህ ጓዳ ገብተሽ ብታለቅሺ ማን ይሰማሻል? እዚያው ሰው መሀል ሄደሽ መልሺልኝ። ያመጣሽውንም ይዘሽ ሂጂ።»

በማግስቱ ገበያ ነበር። የነጋዴውን ሱቅ አገኘሁት፤ ለሁለት ሴቶች ጨርቅ እየለካ ነው።

«ጋሼ፣ አስታወሱኝ? ሚኒባስ ውስጥ…»

«እንዴ! ያቺን ሌባ የያዝሽ ልጅ!» አለና ለሴቶቹ ሊያወራላቸው ዞረ።

«ሌባ አይደሉም» አልኩ። «ቦርሳዬ ሲወድቅ ሊይዙልኝ ነበር። እኔ ነኝ በእንቅልፍ ልቤ የቆረጥኳቸው። ከነቃሁ በኋላም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ሜትሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ።»

«ፈርቼ!» አለ ፊቱ ቀልቶ። «እኔ ለስንት ሰው እንዳወራሁ ታውቂያለሽ? በዓይኔ አየሁ እያልኩ! ቅዳሴ ውዬ መጥቼ እንኳ አውርቻለሁ! ለእኔም እኮ ኃጢአት ነው ያተረፍሽልኝ!»

ጨርቁን አጠፈና «ነይ» አለኝ። ጎረቤቱ ሱቅ ይዞኝ ገባ፣ ከዚያም ቀጥሎ ካለው። እሱ ሲጀምርልኝ ሰው ጆሮ ይሰጣል፤ እኔ ብቻዬን ስናገር ግን ይህች ደግሞ ማናት ብለው ያዩኛል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ዘመዷ ነሽ መሰለኝ፣ ልታነጪያት ነው» አለችኝ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ነጋዴው ደንበኞቹ ትዝ አሉትና ተመለሰ። የቀረውን ብቻዬን ዞርኩ።

ሾፌሩን ወልድያ መናኸሪያ አገኘሁት። ተራው እስኪደርስ መኪናው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት።

«ቦርሳሽ እግርሽ ሥር እንደነበር እኔም አይቻለሁ» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። «ባለ ቦርሳዋ ዝም ካለች እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ሰዉም ይጮሃል፣ መንገዱም ይቀራል።» ትንሽ ቆየና «ሰንጢሽ እዚህ አለ፤ የዕቃ ገመድ እቆርጥበታለሁ። ልስጥሽ?» አለኝ።

«አልፈልገውም።»

እዚያው ለነበሩት ሾፌሮች ራሱ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ተሳፋሪዎች እሱን፣ ነጋዴውንና ሻሿን የፈታችውን ሴት ብቻ ነው ያገኘሁት። ሌሎቹ ወሬውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ ደሴ ይሁን ቆቦ ማን ያውቃል።

ወደ ሹሩባ ሠሪዋ ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ያላገኘሻቸውስ?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እናቴ።»

ቀጥ ያለውን ጣታቸውን በግራ እጃቸው አሹት። ከዚያ «አላህ አፉ ይበልሽ» አሉኝ። ስለ ስማቸው ግን እሳቸው አፉ ብዬሻለሁ እንዳላሉኝ ልብ ብያለሁ። አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

እናቴ ለሠርጉ ሌላ ሠሪ አይጠራም ብላ ድርቅ አለች። እኔም በአክስቶቼ ፊት ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሴትየዋ ከልጃቸው ጋር መጡ። ጣታቸው አልታጠፍ ስላለ ቀጭን ቀጭኑን ሹሩባ ልጃቸው ትሠራለች፤ እሳቸው ከጎን ሆነው «ወደ ጆሮዋ ሳብ አድርጊው፣ አላልተሽዋል» ይላሉ። አንድ ጊዜ ራሳቸው ሊሞክሩ ሚዶውን ያዙ፤ ፀጉሩ ከጣታቸው እያመለጠ አስቸገራቸውና ለልጃቸው መለሱላት። ሙሽራዋ አምራ ወጣች። ግን ሥራው ሳያልቅ አክስቴ የወርቁን ሳጥን አንስታ ወደ ሌላው ክፍል ስታስገባ አየሁ። ሴትየዋም አዩ። አክስቴ ከእኔ አፍ እውነቱን ከሰማች ገና ሦስት ቀኗ ነበር።

አሁን ባዶ እጄን ነው የምሄደው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ሚኒባስ ውስጥም አልተኛም።

ባለፈው ክረምት ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስመጣ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ከፊት ላለችው ጓደኛዋ ታወራለች። ሙሽራ ስትሠራ ወርቅ ሰርቃ እጇን ስለተቆረጠች ሹሩባ ሠሪ ነው ወሬው። ሚኒባሱም፣ ቦርሳውም፣ እኔም ከወሬው ወጥተናል።

«እሳቸው ምንም አልሰረቁም» አልኩ። «የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስጨርስ ከጎኔ ያለችው ሴት እጆቼን ተመለከተች፤ ከዚያ ልብሷን ሰብስባ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።