አሮጊቷን ለጀማ ቁልቁለት ሳሰናዳ

ፈሪ ነኝ። የሙያ ጓደኞቼ ሾፌር እንዲህ ብሎ አይናገርም ይሉኛል፤ እኔ ግን የማይፈራ ሾፌር ከሚነዳው መኪና ይልቅ በእግሬ መሄድ እመርጣለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔም ስፈራ ኖሬ ይኸው ለሽበት በቅቻለሁ። ያን ክረምት የፈራሁትን ያህል ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓለም ከተማ ላይ የገበሬዎች ማኅበር ንብረት የሆነች አንዲት ጂፕ እነዳ ነበር። አሮጊቷ ነበር የምላት። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል፣ እንደገና ሞልቷል፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ቆሟል። የቀኝ በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። ከሥሯ የሚሸከማት አንደኛው የብረት ባሌስትራዋ ስለተሰበረ በጠፍር ታስሯል። ዳገት ላይ እንደ አሮጊት ታስላለች፤ ቁልቁለት ላይ ግን ወጣት ትሆናለች፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ባለ ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር። እኔም ከእሳቸው ሥር ዳዊት ደግሜ፣ ዜማው ሲከብደኝ ኮብልዬ መሪ የጨበጥኩ ልጅ ነኝ። ልጃቸውም ተማሪያቸውም ስለነበርኩ ሁልጊዜ የምጠራቸው "የኔታ" እያልኩ ነው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። በዚያ ሰኔ ደግሞ ቀኙም እየደበዘዘ መሆኑን ሰው ልከው አስታወቁኝ። የነገሯትን የሰማች የጤና ጣቢያ ነርስ አዲስ አበባ ላለ የዓይን ሐኪም ወረቀት ጻፈችላቸውና "በቀጠሮው ቀን ካልደረሱ ይቺም ትሄዳለች" አለችኝ። ዓይነ ስውር መምህር በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ ዜማ በጆሮ ነውና። አባቴ ግን ቁም ጸሐፊም ነበሩ። ብራና ላይ የጀመሩት ድጓ ግማሹ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱን ሳይጨርሱ መሞትን ከሞት ይበልጥ ይፈሩት ነበር።

እንደ ዕድል ሆኖ ማኅበሩ ለወፍጮው የሚሆን ዕቃ እንዳመጣ ወደ አዲስ አበባ ሊልከኝ ነበር። ሊቀመንበሩን ለመንኩት። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር የሚያነጋግረው።

"መሪጌታውን ጫን" አለኝ። "ግን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ናት። አንድ ነገር ብትሆን ብልሽት ነው ብዬ አልሰማህም፤ አሻጥር ነው የምለው።"

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ የኖረበት ያውቀዋል። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ አንድ የመጋዘን ጠባቂ ነበረን፤ ሚስቱ ወደ እስር ቤት ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን ስንቁን አንቀበልም አሏት።

አንድ ሳምንት ሙሉ አሮጊቷ ሥር ተኝቼ ከረምኩ። ረዳቴን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ሁለተኛ ወሩ ስለነበር የሚያቀብለኝ ሰው እንኳ አልነበረም። ሞተሩን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፋቅሁ። የነዳጅ ጋኗን ስንጥቅ በሳሙና ደፈንኩ። አልቀው ልሙጥ ከሆኑት አራት ጎማዎች ሻል ያሉትን ሁለቱን ወደ ፊት አዞርኩ። የፍሬን ሸራዎቹ ስስ ነበሩ፤ ምትክ ስለሌለ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ መለስኳቸው። በጣም ያስጨነቀኝ የፍሬን ዘይቱ ነበር። ያለው ጠቁሮ አተላ ሆኗል፤ አዲሱ በከተማው የለም። በመጨረሻ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ግማሽ ጠርሙስ በልመና አገኘሁ። እንደ ቅባ ቅዱስ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ጭጋጉ ከደጃፍ ላይ አልነሣ ብሎ ነበር። አባቴ ከዋዜማው መጥተው እኔ ዘንድ አድረዋል። ኮፈኑን ከፍቼ አሮጌውን የፍሬን ዘይት ቀዳሁና ከአዲሱ ጥቂት ጨመርኩ። የቀረውን ለመንገድ ብዬ ቆጠብኩት። ክዳኑን ሳላጠብቅ የይለፍ ወረቀቱን ማኅተም ለማስመታት ወደ ማኅበሩ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን እየገለባበጠ ቆሜ እንድጠብቅ አደረገኝ፤ ማኅተሙን አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው። "አባትህን ታሳክማለህ ወይስ ልትጠፋ ነው?" አለኝ። ማኅተሙ እንደተመታ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አየሁ፤ የዘይቱ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቷል። እኔ ነኝ የሞላሁት ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር የማልፍ ሰው አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን አለፍኩት።

የቀረው አየር ማስወጣት ነበር። አንድ ሰው ከላይ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ጎማው ዘንድ ያለችውን ብሎን ፈቶ አየሩንና አሮጌውን ዘይት ያስወጣል። ረዳት ስለሌለኝ መሪጌታውን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ይርገጡ!"

"ረገጥኩ።"

"ይያዙ… አሁን ይልቀቁ!"

"ይኼማ የእኛው ማኅሌት ነው" አሉ እየሳቁ፤ "አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል።"

የሚወጣው ነጣ ያለና ቀጭን ነበር። የጭነት ሾፌሩ በውሃ አበርዞ ሸወደኝ እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ። በዚያ ዘመን ያልተበረዘ ነገር ብርቅ ነበር። ፍሬኑ ግን ጠንክሮ ያዘ። ጥርጣሬዬን ይዤ ኮፈኑን ዘጋሁና ተነሣን።

የዓለም ከተማን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጀማን ያውቃል። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃው ሳሙና ነው። አባቴ ከጎኔ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። እኔ በሁለተኛ ማርሽ እየያዝኩ፣ እየለቀቅኩ እወርዳለሁ። አራተኛውን መታጠፊያ ስንጨርስ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

ደግሜ ረገጥኩት። ምንም። የሰውነቴ ፀጉር ሁሉ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን እየጎተትኩ አንደኛ ማርሽ ውስጥ በግድ ሰካሁባት፤ አሮጊቷ ጮኸች፣ ግን መሮጧን አላቆመችም። ከፊታችን መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው ባሻገር ጭጋግ ብቻ ነው። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዝኩት። የፊት ጎማዋ የቦይ ጭቃ ውስጥ ገብታ ተንገጫግጫ ቆመች።

ሞተሩን አጠፋሁ። አባቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

"አትፍራ ልጄ" አሉኝ። "ጠዋት አንተ ማኅተም ልታስመታ ስትሄድ ከደብራችን ያመጣሁትን ጸበል ጨምሬላታለሁ። እሱ ነው የጠበቀን።"

"የት ላይ ረጩት?"

"መርጨትማ ለላይዋ ነው። እኔ ሆዷ ውስጥ ነው የጨመርኩት፣ ክዳኗን ከፍቼ።"

ጆሮዬ ጭው አለ። "የቷን ክዳን? ትልቋን ወይስ ትንሿን?"

"ትንሿን። ጣቴን ባስገባ ጎደሎ ሆና አገኘኋት። እስክትሞላ ጨመርኩላት።"

ትልቋ የራዲያተሩ ናት። ትንሿ የፍሬን ዘይቱ ናት። ፍሬን ሲግል ዘይት ይችለዋል፣ ውሃ ግን ይፈላል፤ የፈላ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎትን ብትረግጠው ይጨመቃል እንጂ ጎማ አይዝም። ያን ጸበል እኛው ሁለታችን፣ እሳቸው ከላይ እየረገጡ እኔ ከታች እየተቀበልኩ፣ ወደ አራቱም ጎማ አድርሰነዋል። በርቀት ሊቀመንበሩ አሻጥር ሲል የሰማሁት መሰለኝ። ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ።

"ዕውር ነዎት እንዴ!"

ፊታቸው አመድ መሰለ። መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። የዓይን ታማሚ ሽማግሌ ላይ፣ ያውም አባቴና መምህሬ ላይ፣ ይህን ቃል መወርወሬ ወዲያው አሳፈረኝ፤ ይቅርታ ማለት ግን አልወጣልኝም። በዝቅተኛ ድምፅ "እሺ፣ አሁን ምን ይሻላል?" አሉ።

ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም፤ መንገዱ ማዞሪያ የለውም። ሌላ መኪና ይመጣል ብሎ መጠበቅም በዚያ ዝናብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጃ፤ ቀጠሮው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። የቆጠብኩትን ዘይት ለመቀየር ሥሯ መግባት ነበረብኝ፤ በዚያ ቁልቁለት ጭቃ ላይ ከተንሸራተተች ደግሞ ትጨፈልቀኛለች። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ትንሽ መያዝ ስለሚጀምር ጥቂት መውረድ፣ ማቆም፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መውረድ። ለዚህ ደግሞ ከጎን እየሄደ ከኋላ ጎማው ፊት ታኮ የሚጥል ሰው ያስፈልጋል፤ ታኮ የምንለው መኪና እንዳይንከባለል የሚያግደውን የእንጨት ሽብልቅ ነው።

"እኔ እጥላለሁ" አሉ አባቴ።

"አይችሉም፣ የኔታ።"

"ጎማው የት እንዳለ በድምፁ እለያለሁ። ጆሮ ስገራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይልቅ እንዴት እንደሚጣል አሳየኝ።"

በተራራው በኩል አቆምኳቸው። ግራ እጃቸውን የመኪናዋ ጎን ላይ አስያዝኳቸው፣ በቀኛቸው ታኮውን። "ይጣሉ!" ስል ጥለው ወደ ኋላ እንዲሉ አስጠናኋቸው። ከዚያ አሮጊቷን ከጭቃው አውጥቼ መውረድ ጀመርን።

እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አይስጠው። እኔ የማየው ግማሽ መስታወት ብቻ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ነጭ ጥምጥማቸው ነው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ጥምጥሙ ከመስታወቱ ይጠፋል፤ እስኪመለስ ትንፋሼን እይዛለሁ። "ይጣሉ!" እላለሁ፤ ጓ ይላል፤ እንቆማለን። ከጎማዎቹ እንፋሎት ይነሣል። ሲበርድ ታኮውን ጎትተው ያወጣሉ፤ እንቀጥላለን።

አንድ ቦታ ላይ "ይጣሉ!" ብል ጓ ማለቱ ቀረ። አሮጊቷ መንሸራተቷን ቀጠለች። ጥምጥሙ መስታወቱ ውስጥ የለም። "የኔታ!" ብዬ ጮኽኩ፤ መልስ የለም። ገደሉ በግራዬ ወለል ብሎ ታየኝ። ከዚያ ድንገት ጓ አለና ቆመች። ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ ስዞር አባቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከዋል። ሁለት እጃቸው ታኮው ላይ ነው፤ ጣቶቻቸው ከጎማው አንድ ስንዝር አይርቁም፤ የጋቢያቸው ጫፍ ጎማው ሥር ገብቷል።

"ገባ ወይስ አልገባም?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"ገባ" አልኳቸው። ጋቢውን በጩቤ ቆርጬ አላቀቅኳቸው። እጃቸውን ይዤ ጥቂት ጊዜ ተቀመጥን።

ጀማ ዳር ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። እዚያው አደርን። በማግስቱ የቆጠብኩትን ዘይት ጨምሬ፣ እሳቸው ከላይ እየረገጡ፣ ጸበሉን ከፍሬኑ ቀድቼ አስወጣሁት። የቀረው መንገድ ዳገትና ሜዳ ስለነበር ፈርቼ ፈርቼ አደረስኳቸው። ቀጠሮው አላለፈም። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ስንወርድ ዓይናቸውን ያዳንኩ መስሎኝ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። ባትሪ አብርቶ ቀኝ ዓይናቸውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን አንሥቶ "አባቴ፣ ይህ ስንት ጣት ነው?" አላቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"ብርሃኑስ ይታይዎታል?"

"አይታየኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጭላንጭል ነበረችኝ" አሉ። "ከፋሲካ በኋላ እሷም ሄደች።"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑ ከሞተ ወራት እንዳለፉት፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ አስረዳኝ። ስሰማው አልነበርኩም። የጀማ መንገድ ነበር ዓይኔ ላይ ያለው፤ ገደሉ፣ ጭቃው፣ የሚንሸራተተው ጎማ፣ ከጎማው አንድ ስንዝር የቀሩት ጣቶች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። "ለምን አልነገሩኝም? ቢያንስ እዚያ ቁልቁለት ላይ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"አንድ ጊዜ ሐኪም ሳያየኝ አልሙት ብዬ ነው። ብነግርህ ምን ያደርጋል ብለህ እቤት ትተወኝ ነበር" አሉ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "'ዕውር ነዎት እንዴ' ብለህ ስትጮኽብኝ ያወቅህብኝ መስሎኝ ነበር፤ ያኔ ነው እኔ የፈራሁት።"