አያ ሰይድና ሦስቱ ደብሊው

ይህ የሆነው በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ቆቦ ላይ አራት ኮምፒውተር ይዤ ኢንተርኔት ቤት በከፈትኩበት ጊዜ ነው። ዛሬም ሰው ድረ ገጽ ሥራልኝ ሲለኝ ይህ ነገር ትዝ ይለኝና ያመኛል።

ያኔ ከራያ ቆላ ወደ ሳዑዲ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ብዙ ነበር። እኔም ቤተሰብ የሚፈላለግበት ትንሽ ድረ ገጽ ሠራሁ። ገንዘብ እንጂ ዕውቀት አልጎደለኝም የምል ጉረኛ ነበርኩ።

የዋጃው ገበሬ አያ ሰይድ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ልጃቸው ዘሀራ ሳትነግራቸው ከወጣች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። የእሳቸውን ፎቶ አንስቼ ድረ ገጹ ላይ አወጣሁና፣ ከስማቸው ሥር የጎረቤታቸውን ስልክ ጻፍኩ። የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም።

ዓመት ሳይሞላ ጎረቤትየው አገር ለቆ ሄደ። አያ ሰይድ ፍየል ሸጠው ሞባይል ገዙና ቁጥሩን ለውጥልኝ ብለው መጡ። እኔ በዚያው ሰሞን ድረ ገጹን ወደ ሌላ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ሌላ ማስቀመጫ ኮምፒውተር አዛውሬው ነበር። አዲሱን ቁጥር አስገብቼ አሳየኋቸው። ማንበብ ባይችሉም በጣታቸው እየነኩ አዩት።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ብቅ ይላሉ።

"ቁጥሬ አለ ወይ፣ ልጄ?"

የድረ ገጹን አድራሻ ከፊቱ ካለው www፣ ከነሦስቱ ደብሊው ጽፌ እከፍትላቸዋለሁ። አለ፣ ምንም አይስጉ እላቸዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ብለው፣ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ዓመት ቀሩ። ማረፋቸውን የነገረኝ ከዋጃ የመጣ ሰው ነው።

ሰባት ወር ቆይቶ አንዲት ሴት ገባች። ከሳዑዲ የተመለሰችው ዘሀራ ነበረች። ኢንተርኔት ላይ በአባቷ ስም ስትፈልግ ገጹን አግኝታ፣ ፎቷቸውን ከዚያ ላይ ወስዳ ይዛው ኖራለች። ልታመሰግነኝ ነበር የመጣችው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ደወልኩ፤ ሁሌ ዝግ ነው" አለችኝ። "ሳልነግረው ስለሄድኩ ተቀይሞኝ ሞቶ ይሆን?"

ያሳየችኝ ቁጥር የጎረቤትየው ነበር። እሷ እንዳደረገችው በስማቸው ፈለግሁ። ከላይ የመጣው ሦስቱ ደብሊው የሌሉበት አድራሻ ነው። ስከፍተው አሮጌው ገጽ ከነአሮጌው ቁጥር ቁጭ ብሏል። ለካ ያን ጊዜ ያዛወርኩት ባለ ደብሊውን ብቻ ነው፤ ደብሊው የሌለው አሮጌው ሰርቨር ላይ ቀርቷል። ሰው እርስ በርሱ ሲቀባበል የኖረው አጭሩን አድራሻ ስለሆነ፣ መፈለጊያውም የሚያስቀድመው እሱን ነበር። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም እንዲሉ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ እንደ እንግዳ ፈልጌ አላየሁትም።

መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ በየገበያው ቀን ይመጡ እንደነበርም ነገርኳት። "አልተቀየመኝም ማለት ነው?" አለች። አልተቀየሙሽም፣ ሲጠብቁሽ ነበር አልኳት። ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ስህተቴን አርሜ አጭሩንም አድራሻ ወደ አዲሱ ገጽ ለማዞር አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የአባትሽን ገጽ ላጥፋው ወይ ብላት አይሆንም አለች። ሳዑዲ የቀሩት ጓደኞቿ ገጹን ያውቁታል፤ የአባቷ ስልክ ደግሞ አሁን እሷ ጋ ነው። ዘመድ ያጣች ብትደውል የሚያነሳ ይኑር አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ለመፈተሽ ብዬ አጭሩን አድራሻ ከፈትኩና እዚያ ወዳለው አዲሱ ቁጥር ደወልኩ። አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ። አያ ሰይድም ቢደወልላቸው ኖሮ እንዲሁ ያነሱት ነበር። እኔ መሆኔን እንኳ ሳልነግራት ዘጋሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።