አባቴ ስለ ፍሬን የተናገረው

ውሸቱ አንድ ቃል ነበር። ዓረብ አገር፣ ማቢላ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ግቢ፣ ባባ አሮጌ ጂፑ ሥር ተንጋሎ፣ እኔ የእጅ ባትሪ እያበራሁለት ነው የዋሸሁት። ባባ የቤቱ አባወራ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በወጣትነቱ ሲነዳው የነበረውን ጂፕ እንደ አዲስ ሊሠራ ተነስቷል። ዝም ብዬ መቆሙ ሰለቸኝና "አባቴም ጋራዥ ነው የሚሠራው" አልኩት። ከመኪናው ሥር አንገቱን አውጥቶ "መካኒክ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩ።

መካኒክ አይደለም። አባቴ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ጋራዥ ዘበኛ ነው። ክረምት ከበጋ ካፖርቱን ደርቦ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። የበላሁትም የተማርኩትም በዚያ በር ነው። እኔ ራሴ የሰው ወለል እየወለወልኩ፣ በእሱ ዘበኝነት አፈርኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የለውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከፍ አልኩ። ባባ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የሙሐንዲሱ ልጅ እኮ ናት" እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። አባቴ በአንድ ሳምንት ከመካኒክነት ወደ መሐንዲስነት አደገ ማለት ነው። እኔስ መች አረምኩ! ሻይ ይዤ ስገባ አንገቴን ቀና ማድረግ ጀመርኩ እንጂ።

ጉዱ የመጣው ፍሬኑ ላይ ሲደረስ ነው። የፊት እግሮቹ ካሊፐር፣ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመው ብረት፣ ዝጎ አልቋል። የፋብሪካው ኦሪጅናል ደግሞ አሁን አይገኝም። ባባ የመለዋወጫ ሱቆች ያሉበት ወጠያ ድረስ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ዋለና ሁለት ምርጫ በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣ። አንደኛው በሌላ ፋብሪካ የተሠራ፣ ቅርጹ እንደ ድሮው የሆነ ጥቁር ካሊፐር ነው። ሁለተኛው ግዙፍ ነው፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የባባ ልብ ቀዩ ላይ እንደሆነ ከዓይኑ ያስታውቃል።

"ታላቅ እህቴ ባሕሩ ዳር፣ ሲዳብ ናት። በዚህ ጂፕ ሄጄ በሯ ላይ ማቆም ነው የምፈልገው" አለኝ። "ዳገቱ አያሳስበኝም። ወደ ባሕሩ ሲወርድ ያለው ቁልቁለት ነው የሚያስፈራኝ። ያላ፣ አባትሽ ጋ ደውይና ይምረጥልኝ።"

ባባ ቪዲዮ ይሁን ሲል "ኔት ማፊ" ብዬ፣ ኔት የለም ማለት ነው፣ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ካፖርቱንና ዱላውን እንዳያይ ነው። ስልኩን በድምፅ ብቻ ከፍቼ በሁለታችን መሃል አስቀመጥኩት። ባባ አማርኛ አያውቅም፣ አባቴም ከጸሎት ያለፈ ዓረብኛ የለውም። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።

አባቴ ጉዳዩን ከሰማ በኋላ "ቆይ ልጄ፣ አስቀድመሽ ንገሪው" አለኝ። "እኔ ዘበኛ ነኝ በይው። መካኒክ መስዬው እንዳያምነኝ።"

ወደ ባባ ዞሬ "ሰላም ብሎሃል፤ ጤናህን ይጠይቃል" አልኩት።

"ነገርሽው?" አለ አባቴ።

"ነገርኩት አባዬ።"

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው የማውቀውን ልንገረው። ከጋራዡ የሚወጣ መኪና ሁሉ ተጠግኖ መጀመሪያ ፍሬን የሚይዘው እኔ በር ላይ ነው። ያልያዘለት መጥቶ የሚገጨው በሬን ነው፤ ወይ እኔን።" ሳቀ። "ስለዚህ ፍሬን ሲያልፍ ሲያገድም አያለሁ።"

ይህንንም አልተረጎምኩም። "ብዙ መኪና ሠርቻለሁ ይላል" አልኩ።

ከዚያ አባቴ ጥያቄ ጀመረ። ቸርኬው የድሮው ነው ወይስ ተቀይሯል? የኋላው ፍሬን እንዴት ነው? የፍሬን ሸራው በየሱቁ ይገኛል ወይስ ከባሕር ማዶ ይታዘዛል? ባባ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ ተማሪ እየመለሰ ሄደ። ቀዩ ካሊፐር ለድሮው ቸርኬ ስለሚተልቅ፣ ባባ የሚወዳቸው ቸርኬዎች ሊጣሉ ነበር። አባቴ ጨረሰው። "ጥቁሩን ይውሰድ። የኋላው ደካማ ሆኖ የፊቱ ብቻ ጨምድዶ ሲይዝ፣ ቁልቁለት ላይ መኪናው ቂጡን ያዞራል፤ በሬ ላይ ስንቴ አይቻለሁ። ሸራው የማይገኝ ፍሬን ደግሞ መኪናውን አንዴ ያቆመዋል፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ ነው የሚቀረው። ካስገጠመው በኋላ ቁልቁለቱን ሳይሞክር፣ ሜዳ ላይ ቀስ እያለ ደጋግሞ ይያዘው።"

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ምክሩን እንዳለ አሳልፌ፣ ሰውየውን ብቻ አስቀረሁት።

ባባ ጥቁሩን ገዛ። ማቢላ ያለ ጋራዥ አስገጠመው፤ ሜዳ ላይም አባቴ እንዳለው ደጋግሞ ሞከረው። አንድ ዓርብ ከሰዓት እኔን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ሲዳብ ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ጂፑ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንፈራገጥ ወረደ። እህቱ በር ላይ ሲያቆም ባባ መሪውን እንደያዘ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ያቆመኝ አባትሽ ነው" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ጨዋነት መሰለው።

በሳምንቱ አንድ ከባድ ሳጥን ይዞ ገባ። ሙሉ የመፍቻ ስብስብ ነው፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድሮ ያበራል። "ለሙሐንዲሱ" አለ። ወደ አገር የምትገባ የአገሬ ልጅ አገኘሁና ላኩት። ሳጥኑን ሳስረክባት፣ አባቴ ከፍቶት በሩ ላይ ተቀምጦ ታየኝ። በሕይወቱ ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ሳጥኑ ከደረሰው በኋላ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ "ለአሠሪሽ አሰሚልኝ" ብሎ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ብቻዬን ከፈትኩት። በዓረብኛ ነው። መስጊድ ሄዶ ሼኩ አስጠንተውት ኖሯል፤ ቃል በቃል እየቆጠረ፣ ትንፋሹ እያጠረው ይናገራል። "አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እኔ የጋራዥ ዘበኛ ነኝ። ስጦታህን ለመካኒኮቹ አውሳለሁ፤ ሁላቸውም መርቀውሃል። አላህ መንገድህን ያሳምረው።"

ጠርጥሮ ይሁን እንዲሁ ለጥንቃቄ አላውቅም። እኔን አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባባ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። "ሳጥኑ ደረሰ?" አለኝ። "ደረሰ፤ ሙሐንዲሱ በጣም አመሰገነህ" አልኩና ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ አባቴ ደወለ። ከጀርባው የመዶሻና የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ነው።

"ሰማው?"

"ሰማው።"

"ምን አለ?"

"እንዲህ ያለ አባት ስላለሽ ታድለሻል አለኝ" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘበኛ መሆኔን ከሰማ በኋላ ነው ይህን ያለው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ አባዬ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ከጆሮው ሲያርቀው ተሰማኝ። ከዚያ መካኒኮቹን ጠርቶ ሲነግራቸው ሰማሁት፤ እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "ዘበኛ መሆኔን እያወቀ ነው እኮ!"