ለጥበቃው የሚነሱት አጎቴ

አጎቴ የታሪክ መምህር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ጎሮ እኛ ቤት ሲኖሩ፣ ሰው በገባ ቁጥር በሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ተነስተው "ኖር!" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ስለ ጥንቱ የስፔን መኳንንት ስታነብላቸው፣ "ግብር አይከፍሉም፣ በግዛታቸው ይፈርዳሉ፤ ትልልቆቹማ በንጉሥ ፊት እንኳ ባርኔጣቸውን አያወልቁም! ታድለው!" አለች። ወዲያው የግቢያችን ጥበቃ ገባ። አጎቴ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ።

"ኖር!"

"በእግዜር! ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ ብለው አይነሱ!"

አጎቴ ወደ ልጄ ዞረው፣ "መኳንንቱ ባርኔጣ ባለማውለቃቸው ከበሩ፤ እኔስ በመነሳቴ ምን ጎደለብኝ?" ብለው ሳቁ።

በአርባቸው ዕለት ቤቱ በዘመድና በትልልቅ እንግዶች ተሞልቶ ሳለ፣ ያው ጥበቃ ቆቡን አውልቆ ገባ። አንድም ሰው አልተነሳም። እኔም ከእንግዶቼ ጋር እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እሱ ግን ወደ ባዶዋ ወንበር ጎንበስ ብሎ፣ በዝግታ፣ "በእግዜር፣ ጋሼ" አለ።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ቀና ብዬ ላየው ግን አልቻልኩም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ላኖረልኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ፤ እነሳለሁም።