ራጅ የማያሳየው ክር

በራጅ አንሺነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የሮቤው ክሊኒካችን የራጅ ክፍል ኃላፊ ጋሽ ታደሰ አንድ የደረት ፊልም መብራቱ ላይ ሰቀሉና «እስቲ ምን ታያለህ?» አሉኝ። ደረቱ መሐል ተጠማዝዘው የታሰሩ ስድስት ነጫጭ ሽቦዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ሰውየው የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ሲጨርሱ የደረቱን አጥንት በሽቦ እንደሰፉለት ነገሩኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደረቱ በሽቦ የተሰፋ ሰው በእግሩ ሮቤ መጥቶ ራጅ መነሳቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጉዴ የጀመረው ግን ከዚያ ነው። ሐኪም የሰፋበት ነገር ሁሉ ራጅ ላይ ይታያል ብዬ ደመደምኩ። ኮሌጅ ስለ አጥንትና ስለ ሳንባ እንጂ ስለ ክር ብዙ አልተማርንም። ራሴው አስተማሪ፣ ራሴው ተመራቂ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ከሶፍ ዑመር በኩል አዴ ዘሃራ የሚባሉ እናት መጡ። የድሮ ቀዶ ጥገና ጠባሳቸው ሥር ይወጋቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ማጨድ አቅቷቸዋል። ራጅ አነሳኋቸው፤ ፊልሙ ንጹሕ ነው። ያኔ የራጅ ሐኪም ስላልነበረን ውጤቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «ምንም የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በወሩ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልለው ተመለሱ። ልጃቸው ለቤተሰቡ አንብቦታል። የባላቸው እህቶች ሥራ ሽሽት ነው ማለት ጀምረዋል፤ ባላቸውም ማዘን ትተዋል።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ያመኛል» አሉኝ። «ወረቀትህ ውሸታም አደረገኝ።»

መግቢያ አጣሁ። እዚሁ አጠገባችን ጎባ ዘመዳቸው ዘንድ እንዲሰነብቱ ለመንኳቸውና ፊልሙን ይዤ በቅርብ ክሊኒካችን ወደተቀጠረችው ቀዶ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ሰላም ሄድኩ። የሚወጋቸው ያኔ የተሰፉበት የሐር ክር ሊሆን እንደሚችል፣ እሱም ራጅ ላይ እንደማይታይ፣ አልትራሳውንድ ግን ሊያሳየው እንደሚችል ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም። ሳቀችና ከስፌት የተረፈ ሽቦ፣ ናይለንና ሐር ቆራርጣ ሰጠችኝ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሮቤ ገበያ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ስገዛ ባለ ሥጋ ቤቱ አብዱ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያየ ጾሙ መቼ ተፈታ ብሎ ቀለደብኝ። ልሰፋው ነው ስለው የባሰ ሳቀ።

ሥጋውን በሦስቱም ሰፋሁና ራጅ አነሳሁት። ሽቦው ብቻ ቦግ ብሎ ወጣ። ገና አሁን በእጄ ያስገባኋቸው ሐርና ናይለን የሉም። ቀጥዬ ጄል ቀባሁና የአልትራሳውንዱን እጀታ አሳረፍኩበት። ሐሩ ባለበት ቦታ ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ጎን ለጎን ወጡ፤ የጋሪ ጎማ ጭቃ ላይ የሚተወውን ዱካ ይመስላሉ። ጸጉር የምታህል ክር ሥጋ ውስጥ ተደብቃ በድምፅ ሞገድ ስትገኝ አየሁ። ተደነቅሁ፤ ፈራሁም። ስንቱን ሰው «ምንም የለብህም» ብዬ እንደሸኘሁ እያሰብኩ አማተብኩ።

በማግስቱ አዴ ዘሃራን አልጋው ላይ አስተኛን። ስክሪኑ ላይ ጠባሳቸው ሥር ጠቆር ያለ እብጠት ታየ፤ መሐሉ ላይ ያው ሁለት መስመር፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ። ዶክተር ሰላም እጀታውን ያዝኩበት ቦታ ላይ እንዳቆይ በጥቅሻ ነገረችኝ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«ይኸውልዎ አዴ፤ ያኔ የተሰፉበት ክር ነው። ሰውነትዎ ተቆጥቶበታል።»

አተኩረው አዩት። የሚድን መሆን አለመሆኑን ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ቤት ላሉት ጻፍላቸው» አሉኝ።

ጻፍኩ። የፊተኛው ወረቀት ስሕተት የእኔ መሆኑንም ጨምሬ ፈረምኩበት። ክሩ በዚያው ሳምንት ወጣ፤ ለመኸሩ አጨዳ ደረሱ።

ዛሬ አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው ይህንኑ ነው። «ምንም የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በዚህ ምርመራ አልታየም» በሉ። ወረቀቱ የሚነበበው በሽተኛው ቤት ነው።