ላፕቶፑ በደረቁ ደረሰ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሊነሳ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲቀረው፣ አሰብ ወደብ ላይ በአንድ የትራንዚት መሥሪያ ቤት ስሠራ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ዝናብ ድንገት በጣለ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ሸሚዜ የደረት ኪስ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይሄዳል። ባለቤቴ እንዲሁ ልማድ ይመስላታል። ለእሷ እንኳ ከነሙሉ ታሪኩ ነግሬያት አላውቅም፤ እዚህ መጻፉ ሳይቀለኝ አልቀረም።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ አሰብ የወሰደኝ ሥራ ነው። አለቃችን አቶ ግርማ ከውጭ አገር አንድ ላፕቶፕ አስመጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ አሰብ ላይ ላፕቶፕ ማየት ብርቅ ስለነበር የወደቡ ሰው "የሚታጠፈው ኮምፒውተር" እያለ ሊያየው ይመጣ ነበር። የመርከቦቹን የጭነት ዝርዝር የምጽፍበት እኔ ነበርኩ። አቶ ግርማ ቁልፍና ዘበኛ የማያምኑ ሰው በመሆናቸው፣ ቢሮው ሲዘጋ ላፕቶፑ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።

አሰብ ላይ ሥራ በማለዳ ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ይቋረጣል። ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ይመለሳል። ስለዚህ ላፕቶፑን በአሮጌ ሞተር ሳይክሌ በቀን አራት ጊዜ አመላልሰው ነበር።

ችግሬ ዝናብ አልነበረም። አሰብ ላይ ስለ ዝናብ የሚጨነቅ ሰው የለም፤ ጥላ የያዘ ካለ ለፀሐይ ነው። የሚያስቸግረኝ ላብና ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ እርጥበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ቦርሳውን ጀርባዬ ላይ አዝዬው ሄድኩ። ቢሮ ስደርስ ከሸሚዜ እኩል ረጥቦ ተገኘ። አቶ ግርማ ቦርሳውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመቀመጫዬ ኋላ ስፖንጅ አንጥፌ ማሰር ጀመርኩ። የመጠቅለያውን መላ ያገኘሁት ደግሞ እዚያው ወደቡ ላይ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት በውስጡ ሌላ ወፍራም ላስቲክ አለው። ወዛደሮቹ የተቀደደ ከረጢት ሲያገኙ ላስቲኩን አውጥተው፣ አጥበው፣ ለጣሪያም ለምንጣፍም ይጠቀሙበታል። እኔም ከነሱ ሁለት ተቀብዬ፣ አንዱን በሌላው ላይ አልብሼ፣ አፉን ሦስት ጊዜ አጥፌ፣ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ አስረው ነበር። ለማሰር አሥር ደቂቃ፣ ለመፍታትም አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የቢሮ ጓደኞቼ "ገናዡ መጣ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ ሬሳ የምገንዝ እመስላለሁ ለማለት ነው። ይሳቁ እንጂ ላፕቶፑ ላይ ጠብታ አርፎ አያውቅም፣ እኔም በዚህ ትንሽ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

የምኖረው ከእማማ ዘሐራ ሱቅ አጠገብ ነበር። እማማ ዘሐራ በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ከወሎ መጥተው አሰብ የቀሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ላምባና ስኳር እየቸረቸሩ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ሰይድ ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ከሌሎች ወታደሮች ጋር ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ባሕሩን ተሻገረ። ወደ የመን ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ብዙ ሰው ሰምጧል ይል ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን "ነበር" ብለው ሲያነሱት አልሰማሁም።

ያን ቀን ምሳ በልቼ፣ ተኝቼ ተነስቼ፣ ላፕቶፑን አስሬ ልወጣ ስል እማማ ዘሐራ ወደ ግቢዬ ገቡ። ጠዋት ሳንቡቅ በሚሏት የዕቃ ጀልባ የሚሠራ አንድ መርከበኛ ከየመን ይዞት የመጣ ነው ብለው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው። በአንዱ ገጽ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ አማርኛ አለ። በሌላው ገጽ አድራሻ የሚመስል ሁለት መስመር የዓረብኛ ጽሑፍ አለ። አማርኛውን አነበብኩላቸው። አጭር ነበር።

"እማዬ፣ አለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ በዚህ አድራሻ ነኝ፣ ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር መሄዴ ነው። እናትህ ሞታለች የሚል ሰው አጋጥሞኝ ነበር። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ መኖርሽን ብቻ ጻፊልኝ።"

እማማ ዘሐራ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ በር ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወሩ ሊያልቅ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

ነገሩ ለእኔ ቀላል ነበር። ቢሯችን ውስጥ ዑስማን የሚባል ከየመንና ከጅዳ ጋር የሚጻጻፍልን ባልደረባ አለ፤ ዓረብኛ አንባቢ ነው። አድራሻውን እሱ ይገለብጠዋል፣ መልሱን ዛሬውኑ ጽፈን ነገ በሚሄድ መርከብ እንልከዋለን። ሰፈሩ ውስጥ ሞተር ያለኝ እኔ ስለሆንኩ የሁሉም ሰው ፖስተኛም እኔ ነበርኩ፤ የማላደርሰው ወረቀት፣ የማላመጣው መድኃኒት አልነበረም። ወረቀቷን አጥፌ የሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

እማማ ዘሐራ የታሰረውን ላፕቶፕ እያዩ፣ "ልጄ፣ ይችንም ከሱ ጋር ብትከታት አይሻልም?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ግን ጥቅሉን አሁን አስሬ መጨረሴ ነው፤ ፈትቶ እንደገና ማሰሩ ታከተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። "እማማ፣ ደረቴ ላይ ብትሆን አልረሳትም" አልኳቸው። መረቁኝና ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሳለሁ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ጠቆረ። አቧራ ነው ብዬ ነበር። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት የሞተሬ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ላይ። ሞተሬን ወዲያው አቆምኩ። ከመቀመጫዬ ስር የነበረውን ትርፍ ላስቲክ አውጥቼ ጥቅሉ ላይ ደረብኩት፣ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ኪሴ ትዝ አላለኝም። ስለ ላፕቶፑ መቶ ጊዜ ተነግሮኛል፣ ስለ ወረቀቷ የተነገረኝ አንድ ጊዜ ነው። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፣ እንዲያ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። አሰብን የማያውቅ ሰው ቀጥሎ ያደረግኩትን አይረዳልኝም። ሌላ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ አሰብ ላይ ከቤቱ ይወጣል። ዝናብ ካየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። ሴቶች ሳፋና ድስት ይዘው ወጡ። ሾፌሮች ከመኪናቸው ወርደው መሐል መንገድ ቆሙ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን ትተው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ ሁሉም የየራሱን ምስጋና ይላል። እኔም ከሞተሬ ፈቀቅ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ፣ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ውሃው በአንገቴ ገብቶ በእግሬ ይወጣል። ከማላውቀው ሾፌር ጋር ተቃቅፈን ሳቅን። አሥር ደቂቃ፣ ምናልባት ከዚያም በላይ እዚያ ቆሜያለሁ። አሰብ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ቢሮ ስደርስ ሁሉም ሰው የጠበቀው ላፕቶፑን ነበር። አቶ ግርማ ራሳቸው ከክፍላቸው ወጥተው ቆሙ። ላስቲኩን አንድ በአንድ ፈታሁ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ የውስጠኛውን ላስቲክ እንኳ ውሃ አልነካውም። ከፍቼ አበራሁት፣ በራ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አቶ ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጎበዝ" አሉኝ፤ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዑስማን ነው ያየው። "ደረትህ ላይ ምንድን ነው?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጩ ሸሚዜ ከኪሱ ጀምሮ እስከ ቀበቶዬ ድረስ በሰማያዊ ቀለም ርሷል።

ወረቀቷን በጣቶቼ ለማውጣት ስሞክር ለሁለት ተቀደደች። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በቬንቲሌተር አደረቅናት። ነገሩን ስነግረው ዑስማን ሥራውን ትቶ፣ መነጽሩን እያወለቀና እያደረገ፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ለብርሃን እያሳየ አንድ ሰዓት ያህል ታገለ። ከሁለቱ መስመር ያነበበው "ከገበያው አጠገብ" የሚለውን ብቻ ነው። የከተማው ስም የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል። ገበያ የሌለው ከተማ የት አለ? አማርኛውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ዓረብኛው ግን ለእኔ ጭረት ነው፣ አንድ ፊደል እንኳ ዓይኔ አልያዘም።

በማግስቱ መርከበኛውን ፍለጋ የሳንቡቆቹ ማረፊያ ሄድኩ። አገኘሁት። እሱ ሰይድን በዓይኑ አላየውም። ወረቀቷ በሦስት ሰው እጅ ዞራ ነው እሱ ዘንድ የደረሰችው፤ የሰጠውንም ሰው ስም አያውቅም። ዑስማን ለሚያውቃቸው ሁለት የየመን ነጋዴዎች ስለ ሰይድ ጻፈላቸው። ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ሰው አናውቅም ብለው መለሱ።

ለእማማ ዘሐራ የነገርኳቸው ግን "ልከናል" ብዬ ነው። እውነቱን አንድ ቀን ብቻ ላዘገየው ነበር፤ መርከበኛውን እስካገኝ፣ የነጋዴዎቹ መልስ እስኪመጣ እያልኩ አሥራ ሁለቱም ቀን አለቀ። በየማታው ከሥራ ስመለስ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። መልስ መጣ ወይ ብለው እንኳ አይጠይቁም፣ ፊቴን ነው የሚያዩት። ሶላት ላይ ከሰይድ ቀጥሎ የሚያነሱት የእኔን ስም መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወሩ ካለቀ ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ጠሩኝ። "ወረቀቷንስ መልስልኝ እንጂ" አሉኝ። "የእጁ ጽሑፍ ናት። ትራሴ ስር ላድርጋት።"

ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። ጥቅሉን መፍታት እንደታከተኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እንደሳቅኩ፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የደረቁትን ሁለት ቁራጮች ሰጠኋቸው። እማማ ዘሐራ ቁራጮቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጎን ለጎን ገጠሟቸው። እንዲጮሁብኝ፣ እንዲረግሙኝ እየጠበቅኩ ነበር።

"ኮምፒውተሩስ ረጠበ?" አሉኝ።

"አልረጠበም።"

"እንኳን አልረጠበ። ከሥራ ያስወጡህ ነበር። አብሽር ልጄ።"

ይህን ብለው ላምባ ሊገዛ ጠርሙስ ይዞ ወደቆመ ሰው ዞሩ። ከዚያ በኋላም ሰላምታቸው አልጎደለም። ነገር ግን አንዳች ነገር አድርስልኝ ብለውኝ አያውቁም። ላምባ እንኳ ሲያልቅባቸው በእግራቸው ሄደው፣ ሰው አሸክመው ያመጡ ነበር።

ጦርነቱ ሲነሳ እኛ በመርከብ ወጣን። እማማ ዘሐራ አብረውን እንዲወጡ ለመንኳቸው፤ ልጄ የሚያውቀኝ እዚህ ነው ብለው ቀሩ። በኋላ ግን አሰብ ባዶ ሲሆን እሳቸውም ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ እህታቸው ልጅ መግባታቸውን ሰማሁ። እሄዳለሁ እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። አንድ ጊዜ ለሥራ ደሴ ስሄድ በዚያው ኮምቦልቻ ላይ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። እማማ ዘሐራ ካረፉ አራት ወር ሆኗቸው ነበር። የእህታቸው ልጅ እስከ መጨረሻው ጤነኛ እንደነበሩ፣ የበር ድምፅ በሰሙ ቁጥር ማነው ይሉ እንደነበር አጫወተችኝ። የሰይድ ወሬ ከዚያ ወዲህ እንዳልተሰማም ነገረችኝ። የሰይድን ወረቀት ያበላሸኋት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

ሰዎች አይዞህ ይሉኝ ይሆናል፣ ዝናብ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ ይሉኝ ይሆናል። እኔ አያጽናናኝም። ሰይድ በሕይወት ካለ መልሱ ባለመምጣቱ እናቱን እንደሞተች ቆጥሮ አልቅሷል፣ ሐዘንም ተቀምጦ ይሆናል። የጠየቀው መኖራቸውን ብቻ ነበር። ከዚያ ዝናብ በኋላ እማማ ዘሐራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል።